ደረቁ ፓርክ ወይስ እርጥቡ

ሞንፋልኮኔ፣ ኢጣሊያ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2004

ለታላቅ ወንድሜ ለሚያ ባይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ቤትዎን ከክፉ ዓይን ይጠብቀው። እኛ ባሕር ማዶ ያለን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ መርከብ መሥሪያው ውስጥ ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ተዛውሮልኛል፤ አሁን እራት አብረን እንበላለን።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ግን ስልኩ ያለው ሾፊክ ሱቅ ውስጥ ነው። እርስዎ "ሃሎ" ሲሉ የዳምራይ ገበያ በሙሉ ሚዛኑን አስቀምጦ ያዳምጣል። የትዳር ወሬ ደግሞ ገበያ ሳይሰማው ቢያልቅ ይሻላል።

የባለቤቴ እህት ልጅ ቶፋየል እዚሁ ከእኛ ጋር በያጅ ነው። በፌብሩዋሪ ለእረፍት አገር ቤት ይመጣል፤ እናቱም ልጅ እየፈለገችለት ነው። እኔ የሟች ወንድማችንን ልጅ ሸፋሊን አነሳሁ። አስተማሪ መሆኗንና እርስዎ ያሳደጓት መሆኗን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ልጁ ግን አንድ ነገር ለመነኝ።

"አክስቴ፣" አለኝ፣ "ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጠን ተራመጂ፣ ፀጉርሽን ፍቺ፣ እጅሽን አሳዪ እያልን እንደ ገበያ ጊደር አንያት። ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ቀን አብሮ ይዋል። እኔ ስትስቅ ልያት፤ እሷም እኔን ስፈራ ትየኝ።"

ከሳቫር ወዲያ አጥር ለአጥር የተሠሩ ሁለት መዝናኛ ፓርኮች አሉ አሉ። አንደኛው አኖንዶፑር፣ ባለ ባቡሩና ባለ መሽከርከሪያው፤ ሌላው ጆልኬሊ፣ የውሃው። ሰዉ ደረቁና እርጥቡ ይላቸዋል መሰለኝ። በአንድ ቀን የሚበቃው አንዱ ነው። የትኛው እንደሚሻል እርስዎ ሄደው ይዩልን፤ ነገርን መርምሮ መምረጥ የእርስዎ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እኔ ከአገር ስወጣ ልጅቷ ክርኗ ላይ ነጭ ምልክት ጀምሯት ነበር። ጠፋላት ወይስ ሰፋ? በግልጽ ይጻፉልኝ። እኔ ለቶፋየል እናት በወጉ እነግራታለሁ። የእርስዎን ቃል ሳላገኝ ምንም አልተነፍስም።

የአክስትዎ ልጅ ጁበይዳ


ዳምራይ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2004

ለእህቴ ለጁበይዳ፣

ወዐለይኩሙሰላም። የረመዷን ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ። በሰው አገር የጾመ አፍ የበለጠ ምንዳ አለው ይባላል። እኔ ደህና ነኝ። ከትምህርት ቤቱ ማስተርነት ከተሰናበትኩ ወዲህ የተከልኩት የጓያቫ ዛፍ ዘንድሮ አፈራ።

ስለ ሐሳብሽ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ልጁ ያለውን ሳነብ ደስ አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱንም ፓርኮች ሄጄ አየሁ።

በመጀመሪያ ደረቁ። ዘበኛው እንደ አጎቱ ጠርቶ በር ላይ አስቆመኝ።

"ቻቻ፣ ልጆቹ የት አሉ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ብቻዎን? በጾም? ከቤት አባረሩዎት እንዴ?"

የመጣሁት ለማየት እንደሆነ ባስረዳውም አላመነኝም፤ ግን አስገባኝ። ግቢው ባዶ ነበር። ጥላ በበቂ አለ፤ የሴቶችና የወንዶች መስገጃ ተለያይቷል፤ መጸዳጃው ንጹሕ ነው። ትንሹን ባቡር ተሳፍሬ አንድ ዙር ዞርኩ። ሌላ ተሳፋሪ ስላልነበረ ነጂው "ወራጅ አለ?" እያለ በየመዞሪያው ያሾፍብኝ ነበር። አግዳሚዎቹ መደገፊያ አላቸው፤ ለቶፋየል እናት ወገብ ይስማማሉ።

ቀጥሎ እርጥቡ። እዚያ ልብስ የምታከራይ አንዲት ሴት አለች። ማንም በራሱ ልብስ ውሃ ውስጥ አይገባም። ለሃያ አራት ዓመት ሴት የሚሆን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት፤ አጭር እጅጌ ያለው ሰማያዊ ናይለን አነሳች።

"እጅጌው ረዘም ያለ የለም?" አልኳት።

"ቻቻ፣ ውሃ ውስጥ እኮ ነው የምትገባው፤ በረዶ አገር አይደለም የምትሄደው።"

"የራሷን ልብስ ለብሳ ብትገባስ?"

"ጨርቅ መንሸራተቻው ላይ ይያዛል። ባለፈው የአንዷ ሻርፕ ተይዞ ልትታነቅ ነበር። ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።"

ይህ ለቤታችን ጨዋነት የሚስማማ ሆኖ አላገኘሁትም። የእኛ ልጅ ገና ባላጫት ሰው ፊት ክንዷን ገልጣ አትቆምም። ስለዚህ የመረጥኩት ደረቁን ነው። ቀኑ ዓርብ እንዳይሆን፤ ዓርብ የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ እረፍቱ ነው። ሐሙስ ይሻላል።

ስለ ልጅቷ ጤና ለጠየቅሽው፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። ማስተማር ከጀመረች አንድ ቀን ታማ ቀርታ አታውቅም።

ወንድምሽ ኦሊዩር


ሞንፋልኮኔ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2004

ለሚያ ባይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒድ ሙባረክ። ዘንድሮ የዒድ ሶላት የሰገድነው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ዝናብ ነበር። አላህ የእርስዎን ዒድ በደረቅ መሬት አድርጎልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤዎን ለቶፋየል እናት በስልክ አነበብኩላት። ስለ ባቡሩ ሳነብላት ሳቀች፤ እጅጌው ላይ ስደርስ ግን አቋረጠችኝ።

"ማስተሩ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ፣" አለችኝ። "እርጥቡ ውስጥ የሴቶች ገንዳ ለብቻው በቆርቆሮ ታጥሯል። እስከ ዐስር ሶላት ወንድ ዝንብ አይገባም። የልጄ ልጆች ሄደው ነግረውኛል።"

"እሳቸው እኮ ደረቁን ነው የወደዱት፣" አልኳት።

"ስሚ ጁበይዳ። ፓድማ ወንዝ ሦስት ቤት ወስዶብኛል። ሦስት። የባሌን መቃብር ሳይቀር ወስዶታል። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ሲቀማኝ እንጂ ሲያጫውተኝ አላየሁም። አንድ ቀን እንኳ እኔ ስፈልግ ገብቼ፣ እኔ ስፈልግ ልውጣ።"

ለዚህ መልስ እርስዎ ካለዎት ይጻፉልኝ።

እና ሚያ ባይ፣ "ደህና ናት" ያሉኝን አነበብኩ። ክርኗ ላይ የነበረው ጠፋ ማለት ነው? አንድ ቃል ይበቃኛል።

ጁበይዳ


ዳምራይ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2005

ለእህቴ ለጁበይዳ፣

ወዐለይኩሙሰላም። አላህ ቤታችሁን ያሙቀው። መልሴ የዘገየው በጉም ምክንያት ነው። ጀልባ አይሻገርም፤ ፖስታም አይመጣም፤ ጠዋት ጠዋት የራሴን ጓያቫ ከመስኮቴ አላይም።

የቶፋየልን እናት ኀዘን እረዳለሁ። ነገር ግን እርጥቡን እንደገና ሄጄ መርምሬዋለሁ። ከሴቶቹ ገንዳ በጠርሙስ ውሃ አስቀድቼ መስኮት ላይ አኖርኩት፤ ሲያድር ታች ዝቃጭ ይዟል። የቆርቆሮው አጥር ሚስማር የወለቀበት ቦታ አለው፤ ከውጭ ዓይን ያስገባል። የገንዳው ደረጃ ያሟልጫል። ፌብሩዋሪም ቢሆን ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ለአሮጊት ጉልበት አይበጅም። ይህን ሁሉ ለእሷ ጤና ስል እንደምጽፍ ንገሪልኝ።

ሸፋሊ ሰላም ትልሻለች። ቢጫ ጨርቅ ገዝታ ለዚያ ቀን ልብስ እያሰፋች ነው። ትናንት ዓሣ እየጠበሰች ጠየቀችኝ።

"አጎቴ፣ ለአክስት ጁበይዳ ጻፉላት?"

"ጻፍኩ።"

"ሁሉንም?"

"ጻፍኩ አልኩሽ እኮ።"

"ምን አለች?"

"ደስ አላት። የልጁ እናትም ደስ አላት።"

ማንኪያውን ይዛ ቆማ ቀረች። ዓሣው አረረ። እሷ ምግብ ስታሳርር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከዚያም ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። የደስታዋን መጠን እንድታውቂው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ክርኗን ጠይቀሻል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት እንዲህ ዓይነቱ ነገር በሽታ አይደለም። አያምም፤ አይተላለፍም፤ ከሥራ አያግድም። ስለዚህ እንደ በሽታ ቆጥሮ በደብዳቤ ማመላለሱ ተገቢ አይመስለኝም።

ወንድምሽ ኦሊዩር


ሞንፋልኮኔ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2005

ለሚያ ባይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬን አጭር ላደርገው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

"አይተላለፍም" የሚባለው ስላለ ነገር ነው። ስለጠፋ ነገር እንደዚያ አይጻፍም። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፤ ስለ ገንዳው ዝቃጭ ሙሉ ገጽ ጽፈው ስለ ልጅቷ ክንድ አራት መስመር።

አልቆጣሁም። እኔ ምን እንደፈሩ አውቃለሁ፤ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ። ለምጽ ያለባት ሴት ውሃ የቀዳችበት ጉድጓድ እንኳ ስም ይወጣለታል። ግን ሰዎቹ ለመምጣት እየተዘጋጁ ነው። ቶፋየል ፌብሩዋሪ 10 ይበራል። አሁን ቢነገራቸው ወይ ይመጣሉ ወይ ይቀራሉ፤ ሁለቱም ከቤታቸው ሆነው ነው። ያን ቀን ቢያውቁት ግን ልጅቷ ቆማ እያየቻቸው ነው።

የሟች ወንድማችንን ልጅ ገመና ያለ እርስዎ ፈቃድ አላወጣም። ፌብሩዋሪ 4 ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሾፊክ ሱቅ እደውላለሁ። "ንገሪ" ይበሉኝ፤ ሌላ ምንም አይበሉ። ገበያው ቢሰማም አይገባውም።

የቶፋየል እናት በደረቁ ተስማምታለች። "ማስተሩ ውሃ እንዲህ ከፈሩ ይሁን፣ አሸዋ ላይ እንውላለን" ብላለች። ሐሙስ ፌብሩዋሪ 24።

ጁበይዳ


ዳምራይ፣ ማርች 2 ቀን 2005

ለእህቴ ለጁበይዳ፣

ወዐለይኩሙሰላም። ለሁላችሁም ሰላምና ጤና እመኛለሁ።

የጠራሽኝ ዓርብ ጉንፋን ይዞኝ ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ በኋላ መልስ ልጽፍ ስል ቀኑ ደረሰ፤ ነገሩ በአካል ቢነገር ይሻላል ብዬም አሰብኩ።

ቀኑ በአጠቃላይ በሰላም አለፈ። ያላሰብነው አንድ ነገር አጋጥሞናል። ደረቁ ፓርክ ያን ቀን ለአንድ የልብስ ፋብሪካ ዓመታዊ ሽርሽር ሙሉ ለሙሉ ተከራይቶ ቆየን። እኔ ያየሁት በረመዷን ስለነበር በደረቁ ወራት ፋብሪካዎች እንደሚይዙት የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በር ላይ ጥቂት አለመግባባት ተፈጠረ። በመጨረሻ እርጥቡ ውስጥ ገባን፤ ነገር ግን ከሕፃናቱ በቀር ማንም አልዋኘም። ያዘጋጀነውን ኪቹሪና የበሬ ሥጋ በላን። የቶፋየል እናት ከሸፋሊ ጎን ተቀምጣ ስለ ትምህርት ቤቷ ጠየቀቻት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ አውቶቡስ ድረስ ሸኘን።

ሸፋሊ ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። ፀሐይዋ ከብዳት ይሆናል።

የእነሱን መልስ እጠብቃለሁ። መልካም ቢሆንም ባይሆንም አሳውቂኝ።

ወንድምሽ ኦሊዩር


ሞንፋልኮኔ፣ ማርች 30 ቀን 2005

ለማስተር ኦሊዩር ረህማን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ለሁላችንም እውነቱን የምንሸከምበት ጉልበት ይስጠን።

"ጥቂት አለመግባባት" ብለው ጽፈውልኛል። ቶፋየል የነገረኝን እኔ ልጻፍልዎ፤ አንዱ ቃል ከተሳሳተ ያርሙኝ።

ዘበኛው "ዛሬ የፋብሪካው ነው፣ ሌላ ቀን ኑ" አላችሁ። ውስጥ ዘፈን ይጮሃል፤ ሠራተኛ ልጃገረዶች በቡድን በቡድን ቆመው ለመግባት ይሰለፋሉ። የቶፋየል እናት እጇን አጨብጭባ "አላህ ራሱ ለውሃው ፈረደልኝ" አለች። እርስዎ ግን ወደ ሰማዕታት ሐውልት እንሂድ አሉ።

"ማስተር፣" አለች እናቱ፣ "ልጄን መቃብር ላይ ልዳር?"

"ሰፊ መናፈሻ አለው። ጥላ አለው።"

"ሳር የለበሰ መሬት ለማየት ነው ከሾሪዮትፑር ጀልባና አውቶቡስ ቀያይሬ የመጣሁት?"

ሕፃናቱ ሻርፗን ይጎትታሉ። እርስዎ ስለ ዝቃጩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ጉልበቷ ጀመሩ። ያን ጊዜ ሸፋሊ ቢጫ ልብሷን ለብሳ ከኋላ ወደ ፊት መጣች። ፈገግ ብላ ነበር ይላል ቶፋየል። "አክስቴ፣ እንዲህ ስታምር ነው ያየኋት" አለኝ።

"አጎቴ፣ ተዉ፣ አያስቸግሩ፣" አለች። "ለእኔ ሲሉ ከሆነ እኔ አላፍርም። እነሱ እንደሆኑ ያውቃሉ።" ከዚያ ወደ እናቱ ዞረች። "ክንዴን ውሃ አይጎዳውም። ልጆቹ ቢነኩኝም አይተላለፍባቸውም። አጎቴ ጽፈውልዎታል።"

"የቱ ክንድሽ ልጄ?" አለች እናቱ።

እንዲሁ ነው ያለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ አላወቀችም።

ሸፋሊ ወደ እርስዎ አየች። እርስዎ መነጽርዎን ይጠርጉ ነበር።

"አጎቴ፣ አልጻፉም?"

"በአካል ልንነግራቸው ነው።"

"መቼ?"

እጅጌዋን ፈታች። እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችው፤ እዚያው መንገድ ላይ፣ የፋብሪካው ልጃገረዶች ሁሉ እያዩ። ከእጅ አንጓዋ እስከ አንገቷ ሥር ነጭ ነው አለኝ።

"ይሄኛው ነው፣" አለቻት። "አሁን እንግባ፤ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ናቸው።"

መልሳቸውን ጠይቀዋል። አይሆንም ነው። ቶፋየልን "ቀድሞ ብነግርህ ትመጣ ነበር?" አልኩት። "እመጣ ነበር ብል ደስ ይለኛል፣ ግን አላውቅም። አሁን ደግሞ የማውቅበት መንገድ የለም" አለኝ። እናቱ "ልጅቷ ወርቅ ናት፤ ግን ክንድ ከደበቀ ቤት ነገ ምን ይወጣል?" ትላለች። እኔ እናቱን አውቃታለሁ። በጊዜ ተነግሯት ቢሆን ኖሮ "ለምጽ አልፈልግም" ብላ ለመጻፍ ታፍር ነበር። ምናልባት ኀፍረቱ ያመጣት ነበር። እርስዎ ግን እጇ የማይቆሽሽበት ምክንያት አዘጋጅተው ሰጧት።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ያን ዓርብ ስደውል ሾፊክ "ማስተሩ አሁን ነው በደጄ ያለፉት፤ ልጥራቸው?" አለኝ። ያው መልስዎ እንደሆነ ገባኝና "ተዋቸው" ብዬ ዘጋሁ።

ጁበይዳ


ዳምራይ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2005

ለጁበይዳ፣

ወዐለይኩሙሰላም። የጻፍሽው ቃል በቃል ትክክል ነው። የማርመው የለኝም።

አንቺ ግን የማታውቂው አለ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ገና ከመነሻው ራሴ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው የማኒክጎንጅ መድኃኒት ሻጭ ነበር። የላክንለትን ጣፋጭ ሳጥኑን ሳይከፍት በልጅ መለሰልን። መድኃኒት ሻጭ ነው፤ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ እሱ ያውቃል። ሁለተኛው ሚስቱ የሞተችበት፣ ጥርሱ የወለቀ ሰውዬ ነው። እሱ እንኳ "ለልጆቼ እፈራለሁ" አለ። ሦስተኞቹ መጡ፤ በሉ፤ ጠጡ። ሲወጡ የልጁ እናት ሸፋሊ ያቀረበችላትን ብርጭቆ በሻርፗ ጫፍ ይዛ መስኮት ላይ አኖረችው። ሸፋሊ በሦስቱም ቀን ዕቃውን አጥባ፣ ግቢውን ጠርጋ፣ የተማሪዎቿን ደብተር አርማ ተኛች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ያው መልስ ከመጣ፣ አራተኛ ጊዜ ጥያቄው ይለወጣል። መጀመሪያ ስትስቅ ይያት፤ ክንዷን ኋላ ያያል ብዬ ነው። ልጁ ራሱ አይደለም "ስትስቅ ልያት" ያለው? ደረቁ ፓርክ ክፍት ቢሆን ኖሮ ስትስቅ ያያት ነበር። ይህን ሐሳቤን ዛሬም ስህተት ነው አልልም። የተሳሳትኩት የፋብሪካውን ሽርሽር አለማጣራቴ ነው።

ሸፋሊ ከቤት ወጥታለች። ኖቢኖጎር የፋብሪካ ሠራተኞችን ልጆች የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተቀጥራ ከሴት መምህራን ጋር በአንድ ቤት ትኖራለች። ስትሄድ እንደ ወጉ እግሬን ነካች፤ ቁርሴን ሠርታ ሸፍናልኝ ነበር። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። አንድ ደግ ቃልም።

ፖስተኛው ከኖቢኖጎር ወደ ኢጣሊያ ደብዳቤ እንደሚሄድ ነግሮኛል። ለእኔ የመጣ የለም። እንዴት እንደሆነች ጻፊልኝ። ስትሄድ ይዟት የነበረው ሳል ለቀቃት? የምትኖርበት ክፍል ይቀዘቅዛል?

ወንድምሽ ኦሊዩር


ሞንፋልኮኔ፣ ጁን 20 ቀን 2005

ለሚያ ባይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ብቸኝነትዎን ያቅልልዎ።

ስለ ሦስቱ አላውቅም ነበር። ሳነብ አለቀስኩ። ግን እሷ አራተኛውንም ለመስማት ዝግጁ ነበረች፤ እርስዎ ነዎት ያልቻሉት።

ሸፋሊ ደህና ናት። ሳሉ ለቋታል። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አልፈቀደችልኝም። ቶፋየል በሜይ ሌላ ልጅ አግብቶ ተመልሷል። ከማን አፍ እንደምትሰማው ስላላወቅኩ እኔው ጻፍኩላት። "መልካም ጋብቻ በይልኝ" አለች።

ጁበይዳ


ዳምራይ፣ ኦገስት 14 ቀን 2005

ለእህቴ ለጁበይዳ፣

ወዐለይኩሙሰላም። ዘንድሮ ጎርፉ እስከ ገበያው በር መጥቶ ተመለሰ። እኔ ደህና ነኝ፤ ምግብ ከሾፊክ ቤት ይመጣልኛል።

ከዳምራይ ኖቢኖጎር አንድ አውቶቡስ ነው። ጠዋት ሄደው ለምሳ ይመለሱበታል። እኔ ግን የልጄን ወሬ የማገኘው በኢጣሊያ በኩል ነው፤ ያውም ግማሹን። ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከፌርማታው ሳልርቅ ተመለስኩ። ሳትፈቅድልኝ በሯ ላይ መቆም ተገቢ አይደለም።

ጠይቂልኝ። አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ ልምጣ? አልቆይም፤ ሻይ እንኳ አልጠጣም። ጓያቫ አደርስላታለሁ፤ ዘንድሮ ብቻዬን የምጨርሰው አይደለም።

ያለችውን እንዳለችው ጻፊልኝ። ለእኔ ብለሽ አታለዝቢው። አዎ ብትልም አይ ብትልም ከእሷ አፍ የወጣውን ነው የምፈልገው።

ወንድምሽ ኦሊዩር


ሞንፋልኮኔ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2005

ለሚያ ባይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የያዝነው ረመዷን የምሕረት ወር ይሁንልዎ።

ጠየቅኳት። መልሷ ዘገየ፤ እኔም ከደረሰኝ በኋላ ጥቂት አቆየሁት። እንዳለችው እንድጽፍ ስላዘዙኝ ወረቀቷን አጠገቤ ዘርግቼ እገለብጥልዎታለሁ። እንዲህ ትላለች፦

"አክስቴ፣ አጎቴ አይምጡ። አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ማን መጣ ብለው ይጠይቁኛል። ስለ ክንዴ ገና የገባሁ ቀን ነገርኳቸው፤ ጨረስን። አጎት እንዳለኝ ግን አልነገርኳቸውም።"

ሌላ አልጻፈችም።

ጁበይዳ